የአገር ቤት የሠርግ ዲስክ በአሜሪካ፦ «ሁሉንም ክልል ያጫውታል» የተባለ የዲቪዲ ማጫወቻ ግምገማ

በአሜሪካ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት የዲቪዲ ማጫወቻ አሁንም ሥራ አለው። ፊልምና ዘፈን በኢንተርኔት እንደልብ ይገኛል፤ የእህት ሠርግ፣ የልጅ ክርስትና ወይም የአባት የልደት በዓል የተቀረጸበት ዲስክ ግን ከቤተሰቡ መሳቢያ በቀር የትም የለም። ይህ ግምገማ በአሜሪካ የኢንተርኔት ገበያ «የሁሉም ክልል ማጫወቻ» እየተባለ በስልሳ ዶላር ገደማ ስለሚሸጥ፣ በቻይና ስለተሠራ አነስተኛ የዲቪዲ ማጫወቻ ነው። በውስጣቸው አንድ ዓይነት የሆኑ፣ ሪሞታቸው እንኳ የማይለይ ማጫወቻዎች በልዩ ልዩ ስም ስለሚሸጡ፣ የዕቃውን ስም ከመጥራት ይልቅ ገዢው ሊመለከተው የሚገባውን ነገር ማስረዳት ይበልጥ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ዕቃው ለእኛ ሰው የሚገዛ ነው። የሚያስገዛው ግን በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የክልል ጉዳይ ሳይሆን፣ ከጎን በደቃቅ ፊደል የሰፈረው ፓልን (የአገር ቤቱን የምስል ሥርዓት) ወደ ኤንቲኤስሲ (ወደ አሜሪካው) የመለወጥ ችሎታው ነው።

ከአገር ቤት የመጣ ዲስክ እዚህ አልሠራ ሲል «ክልሉ ስላልገጠመ ነው» የሚለው መልስ ከሁሉ አፍ ይወጣል፤ ሻጮችም ይህንኑ ይደግማሉ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ሌላ ነው። የዲቪዲ ነገር ሁለት ቁልፍ እንደተገጠመለት በር ነው፤ አንደኛው ዲስኩ በየትኛው የዓለም ክፍል እንዲታይ እንደተፈቀደ የሚናገረው የክልል ቁጥር፣ ሁለተኛው የምስሉ ሥርዓት ነው፤ አንደኛውን የከፈተ ማጫወቻ ሁለተኛውን ካልከፈተ ሰውየው ደጅ መቆሙ አይቀርም። የክልሉ ገደብ ብቻ የተነሣለትን ማጫወቻ ገዝተው የወላጆቻቸውን ዲስክ ማየት ያልቻሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ገንዘባቸውን ያወጡት በዚሁ መምታታት ነው።

የክልል ቁጥር ከንግድ የመነጨ ነው። ዲቪዲ በጃፓን በ1996፣ በአሜሪካ በ1997 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርብ፣ ትልልቆቹ የሆሊውድ ኩባንያዎች አንድን ፊልም በተለያዩ አገሮች ሲኒማ ቤቶች በተለያየ ወቅት ያሳዩ ነበር። በአሜሪካ በዲስክ የወጣው ፊልም አውሮፓ ሲኒማ ቤት ከመድረሱ በፊት እዚያ እንዳይሸጥ፣ ዋጋውንም እንደየአገሩ ለመተመን እንዲመቻቸው ዓለምን በስድስት ከፋፈሏት። አሜሪካና ካናዳ 1ኛው ክልል ሆኑ። አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ፣ ማለትም እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ ከግብፅና ከደቡብ አፍሪካ ጋር 2ኛው ናቸው። ደቡብ ምሥራቅ እስያና ደቡብ ኮሪያ 3፣ አውስትራሊያና ላቲን አሜሪካ 4፣ ቻይና ለብቻዋ 6 ተሰጣቸው። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5ኛው ክልል ውስጥ ትገኛለች። በእያንዳንዱ ዲስክ ላይ የትኞቹ ክልሎች እንደተፈቀዱ የሚናገር አጭር መረጃ ተጽፏል፤ ማጫወቻውም ዲስኩ ሲገባ ያንን ከራሱ ቁጥር ጋር ያስተያይና ካልተስማማ አላጫውትም ይላል። የምስሉ ጥራት፣ የድምፁ ዓይነት ወይም ቋንቋው ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። አንድ ዲስክ ሁሉንም ክልሎች የሚፈቅድ ሆኖ ከተዘጋጀ በተለምዶ «ክልል 0» ይባላል።

እዚህ ላይ ለእኛ ትልቁ ነገር ይነሣል። አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ያለ የቪዲዮ ስቱዲዮ በኮምፒዩተር አቀናብሮ በባዶ ዲስክ ላይ የሚቀዳው የሠርግ ቪዲዮ የክልል ገደብ አይኖርበትም፤ የማቀናበሪያው ፕሮግራም አቀናባሪው ካልለወጠው በስተቀር ሁሉንም ክልሎች ይፈቅዳልና። ስለዚህ የቤተሰብ ዲስክ በአሜሪካ ሲታገድ አጋጁ የክልል ቁጥር ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል።

አጋጁ የምስሉ ሥርዓት ነው። ቴሌቪዥን ሲጀመር የምስሉ ፍጥነት ከኤሌክትሪኩ ጋር ተዛምዶ ስለተወሰነ፣ መብራቷ 60 ሄርዝ የሆነው አሜሪካ በሴኮንድ ወደ 30 የሚጠጋ ምስል፣ መብራታቸው 50 ሄርዝ የሆነው የአውሮፓ አገሮች ደግሞ በሴኮንድ 25 ምስል የሚያሳይ ሥርዓት ዘረጉ። የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ፣ በአውሮፓ የተስፋፋው ፓል ይባላል። ኢትዮጵያም መብራቷ 50 ሄርዝ ነው፤ የቴሌቪዥን ሥርዓቷም ፓል ሆነ። ዲቪዲ ዲጂታል ቢሆንም ይህንን ልዩነት ይዞ ቀጠለ፤ የኤንቲኤስሲ ዲስክ ምስል 720 በ480 ነጥብ ሆኖ በሴኮንድ 29.97 ጊዜ ሲለዋወጥ፣ የፓሉ 720 በ576 ነጥብ ሆኖ 25 ጊዜ ይለዋወጣል። የፓሉ ምስል በቁመት ብልጫ አለው፣ የኤንቲኤስሲው በፍጥነት ይበልጣል። አንዱን ለሌላው ለማሳየት ማጫወቻው በየቅጽበቱ ምስሉን አሳንሶ ወይም አሳድጎ፣ ቁጥሩንም ጨምሮ ወይም ቀንሶ ማቅረብ አለበት።

ይህን የማድረግ ችሎታ በዓለም ላይ እኩል አልተከፋፈለም። በፓል አገሮች የሚሸጡ ማጫወቻዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የኤንቲኤስሲ ዲስክ ያጫውታሉ፤ የአሜሪካ ፊልም የሚፈልግ ተመልካች በየአገሩ ስለነበረ አምራቾቹ አሟልተው ሠሯቸው። በአሜሪካ የሚሸጡት ግን በአብዛኛው ኤንቲኤስሲ ብቻ ናቸው፤ የአሜሪካ ገዢ የውጭ ዲስክ አይፈልግም ተብሎ ተገምቶ መለወጫው ቀረ። ውጤቱ እንደሚከተለው ነው፦ በቨርጂኒያ የተቀረጸ ሠርግ አዲስ አበባ ቢላክ ያለ ችግር ይታያል፤ በአዲስ አበባ የተቀረጸው ቨርጂኒያ ሲደርስ ይቆማል። በእስራኤል፣ በጀርመን ወይም በዱባይ የተቀረጸውም እንደዚሁ ፓል ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ይሠራል፣ አሜሪካ ላይ ግን አይሠራም። በግምቱ የተዘነጋው የውጭ ዲስክ ያለው ስደተኛ ነው፤ ይህንን በግልጽ መናገር ተገቢ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ብዙ እናቶች የላኩላቸው ዲስክ ልጆቻቸው ሳያዩት ለዓመታት ተቀምጧል።

የትኛው ቁልፍ እንደዘጋ ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። በስክሪኑ ላይ ስለ ክልል የሚናገር ጽሑፍ ከወጣ ነገሩ በርግጥም የክልል ነው። ድምፁ በትክክል እየተሰማ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወደ ላይ የሚንከባለል ወይም የሚቆራረጥ ከሆነ፣ አለበለዚያም ማጫወቻው ስለ ቴሌቪዥን ሥርዓት የሚል መልእክት ካሳየ ችግሩ ፓል ነው። ማጫወቻው ዲስኩን ደጋግሞ አዙሮ «ዲስክ የለም» ካለ ደግሞ ክልሉም ሥርዓቱም ሳይሆኑ ዲስኩ ራሱ ተጭሯል፣ ቀለሙ አርጅቷል፣ ወይም ቀረጻው ሲያልቅ በአግባቡ ሳይዘጋ ቀርቷል፤ ለዚህ የትኛውም «ሁሉን ክልል» ማጫወቻ መፍትሔ አይሆንም።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ማጫወቻው ከመካከለኛ መጽሐፍ ብዙም የማይበልጥ፣ ቀላል የፕላስቲክና የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ከኋላው የኤችዲኤምአይ መውጫና ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ ቀለም ያላቸው የድሮዎቹ ሦስት መውጫዎች አሉት፤ ከፊቱ የፍላሽ መሰኪያ አለ። ለፈተና መጀመሪያ የመረጥሁት አዲስ አበባ የተቀረጸ የሠርግ ዲስክ ነው። በአሜሪካ መደብር የተገዛ ሌላ ማጫወቻ ፈጽሞ ያልተቀበለውን ይህን ዲስክ ዕቃው ወዲያው አነበበው፤ የስቱዲዮው ማውጫ ከነአበባው ወጣ፣ ቀለሙ ትክክል ነበር፣ ድምፁም ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ይሄዳል። የሽማግሌዎቹ ምርቃት፣ የሙሽሪት ከቤት መውጣት፣ የሚዜዎቹ ዘፈን ሁሉ ያለ እንከን ይታያል። ካሜራው ቆሞ ሰው ሲያሳይ ለውጡ መደረጉ ፈጽሞ አይታወቅም።

ጉድለቱ የሚታየው ካሜራው ሲንቀሳቀስ ነው። ቀራጩ ከመኪና ጣሪያ ላይ ሆኖ የአጀቡን መኪኖች ከግራ ወደ ቀኝ ሲቃኝ ምስሉ በጥቂት በጥቂቱ ይገታል፤ ምክንያቱም 25ቱን ምስል 30 ለማድረስ ማጫወቻው ከየአምስቱ አንዱን እየደገመ ያሳያል። እስክስታው ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። የሠርግ ካሜራዎች በፓል ሥርዓት በሴኮንድ 50 ግማሽ ምስሎችን ነው የሚቀርጹት፤ እንቅስቃሴው የሚለሰልሰውም በእነዚህ ግማሾች ነው። እንዲህ ያለ ርካሽ መለወጫ ግማሾቹን አዋሕዶ ወይም ጥሎ ስለሚያልፍ፣ ፈጣን የትከሻ እንቅስቃሴ ጠርዙ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ሆኖ ይታያል። ዘመድ ለማየት ለተቀመጠ ሰው ይህ የሚያስቀይም አይደለም፤ ጭፈራውን በደንብ ማየት ለሚፈልግ ግን ዓይን ይይዛል። በርካታ መቶ ዶላር የሚያወጡ ማጫወቻዎች ይህንን ሥራ በተሻለ ሁኔታ ያከናውናሉ፤ ለቤተሰብ ዲስክ ብቻ ያን ያህል ማውጣት ተገቢ ነው ብዬ ግን አልመክርም።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። በማጫወቻው ማስተካከያ ውስጥ የቴሌቪዥን ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ ኤንቲኤስሲ፣ ፓል ወይም «አውቶ» ማለት ይቻላል። ኤንቲኤስሲ ሲመረጥ ማጫወቻው የፓሉን ዲስክ ይለውጣል፤ «አውቶ» ሲመረጥ ግን ዲስኩን ሳይለውጥ እንዳለ በ50 ሄርዝ ወደ ቴሌቪዥኑ ይልካል። በአሜሪካ የሚሸጡ አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ባይጻፍባቸውም በኤችዲኤምአይ የሚመጣ 50 ሄርዝ ምስል ይቀበላሉ፤ የተቀበለ ቴሌቪዥን ላይ መንቀጥቀጡም የመጋዝ ጥርሱም ይጠፋል፣ የፓሉ የቁመት ብልጫም ሳይቀነስ ይታያል። የማይቀበል ቴሌቪዥን ከሆነ ስክሪኑ ይጨልማል ወይም ምልክቱ እንደማይታወቅ ይጽፋል። ያን ጊዜ መደንገጥ አያስፈልግም፤ በሪሞቱ ላይ «ኤን/ፒ» የተጻፈበት ትንሽ ቁልፍ ሲጫኑት ማጫወቻው ወደ ኤንቲኤስሲ ይመለሳል። ይህ ቁልፍ ከዕቃው ሁሉ ጠቃሚው ክፍል ሆኖ ሳለ በመመሪያው ላይ በአንድ መስመር ብቻ መጠቀሱ ያሳዝናል። ቁልፉ የሌለበት ሪሞት ያለው ማጫወቻ ባይገዛ ይመረጣል።

ሌላው ያልወደድሁት የምስሉን ቅርጽ የሚይዝበት መንገድ ነው። የቆዩ የሠርግ ቪዲዮዎች የተቀረጹት በድሮው፣ ለካሬ በሚቀርበው 4 ለ 3 ቅርጽ ሲሆን፣ ይህ ማጫወቻ በኤችዲኤምአይ ሲገናኝ ሁሉንም ወደ 16 ለ 9 ይዘረጋል፤ ሙሽሮቹም እንግዶቹም ካላቸው በላይ ወፍረው ይታያሉ። በማጫወቻው ማስተካከያ ላይ 4 ለ 3 ቢመረጥም በኤችዲኤምአይ በኩል ለውጥ አያመጣም። መፍትሔው በቴሌቪዥኑ ሪሞት የምስሉን ቅርጽ 4 ለ 3 ማድረግ ነው፤ ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል፣ የሰው መልክ ግን መልክ ይሆናል። የእናትን ፊት በትክክለኛ ቅርጹ ማየት ዋጋ ስላለው ይህንን ሳያስተካክሉ እንዳይመለከቱ አደራ እላለሁ።

የክልሉን ነጻነት በሚመለከት ዕቃው የተባለለትን ያደርጋል። የአሜሪካ ክልል 1፣ ከእንግሊዝ የመጣ የክልል 2 ፓል ዲስክ፣ ሁሉንም በራሱ እየለየ ከፈታቸው። የሕንድ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ደግሞ ከመጀመሪያውም ብዙ ችግር የለባቸውም፤ ብዙዎቹ የሕንድ ዲስኮች በውጭ ላሉት ሕንዳውያን ታስበው ክልል ሳይገድቡ በኤንቲኤስሲ ይዘጋጃሉ። ያስቸገረው አንድ የአሜሪካ ዲስክ ነበር። ከ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ አንዳንድ ኩባንያዎች ሁሉንም ክልል የሚቀበሉ ማጫወቻዎችን ለማገድ በዲስካቸው ላይ ተጨማሪ ፍተሻ አክለዋል፤ ዲስኩ ማጫወቻውን «ክልልህ ስንት ነው?» ብሎ ይጠይቅና ሁሉንም የሚቀበል መሆኑን ሲያውቅ የዓለም ካርታ ያለበት የክልከላ ጽሑፍ አሳይቶ ይቆማል። መድኃኒቱ የማጫወቻውን ክልል በእጅ 1 ላይ ማስቀመጥ ነው። በዚህ ዕቃ የክልሉ መምረጫ በተደበቀ ማውጫ ውስጥ ስለሆነ የሪሞቱን ቁጥሮች በቅደም ተከተል መጫን ያስፈልጋል፤ ቅደም ተከተሉን ሻጩ በተለየ ወረቀት አያይዞታልና ወረቀቱን ከሳጥኑ ጋር መጣል አይገባም።

ከፓል ዲስክ ጋር በተያያዘ ብዙ ጊዜ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ድምፁ ቀጥኖ ይሰማል የሚል። ይህ በሲኒማ ፊልሞች ላይ እውነት ነው። የሲኒማ ፊልም በሴኮንድ 24 ምስል ስለሚቀረጽ ለፓል ዲስክ ሲዘጋጅ ብዙውን ጊዜ በ25 እንዲሮጥ ይደረጋል፤ ፍጥነቱ በ4 በመቶ ስለሚጨምር የሁለት ሰዓት ፊልም 5 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ያልቃል፣ ድምፁም ካልተስተካከለ በመጠኑ ይቀጥናል። ሠርግና መዝሙር ግን ከመጀመሪያው በ25 ስለተቀረጹ ፍጥነታቸው ትክክለኛው ነው፤ ማጫወቻውም ለአሜሪካ ቴሌቪዥን ሲለውጣቸው ምስል ይደግማል እንጂ ድምፁን አያፈጥንም። የዘማሪው ድምፅ የራሱ ድምፅ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ፊልሞችና መዝሙሮች በብዛት ይወጡባቸው የነበሩትን ቪሲዲዎችም ሞክሬበታለሁ። ቪሲዲ የክልል ቁጥር የሚባል ነገር የለውም፤ የፓልና የኤንቲኤስሲ ልዩነት ግን አለበት። ማጫወቻው እነዚህንም አነበበ፤ ምስላቸው 352 በ288 ነጥብ ብቻ ስለሆነ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ብዥ ማለቱ የማጫወቻው ጥፋት አይደለም። ብዙ የብሉሬይ ማጫወቻዎች ቪሲዲን ጨርሶ ስለማይቀበሉ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። በፍላሽ በኩል ግን ዕቃው ደካማ ነው፤ የድሮ ዓይነት የቪዲዮ ፋይሎችንና ኤምፒ3 ዘፈኖችን ይቀበላል፣ በስልክ የተቀረጸ ወይም ዛሬ ስቱዲዮዎች የሚሰጡትን ኤምፒ4 ቪዲዮ አያሳይም። ለዚያ ሥራ የቴሌቪዥኑ የራሱ የፍላሽ መሰኪያ ይሻላል።

የመብራቱ ጉዳይ አጭር ቢሆንም አደገኛ ነው። ይህ ማጫወቻ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የሶኬት ማሟያ ብቻ ተጨምሮለት ኢትዮጵያ ይሠራል። ከአሜሪካ መደብር የሚገዙ ማጫወቻዎች መካከል 120 ቮልት ብቻ የተጻፈባቸው አሉ፤ እነዚህን በሻንጣ ይዞ ሄዶ በ220 ቮልት መሰካት ማቃጠል ነው። ከኋላው ወይም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሳያነቡ ለዘመድ ስጦታ መግዛት አይገባም። ወደ አገር ቤት የሚላክ የፊልም ዲስክ ላይም የመጀመሪያው ቁልፍ ይመለሳል፦ በአሜሪካ መደብር የተገዛ ኦሪጅናል ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ክልል 1 ስለሆነ፣ ገደቡን የሚያከብር የክልል 5 ማጫወቻ ኤንቲኤስሲነቱን ቢችለውም ቁጥሩን አይቀበለውም። ለልጆች ትምህርታዊ ዲስክ የሚልኩ ዘመዶች ይህንን ቢያውቁ መልካም ነው።

ማጫወቻ መግዛት የማይፈልግ ሰው ዲስክ የሚያነብ ኮምፒዩተር ካለው የቤተሰቡን ዲስክ በዚያ ማየት ይችላል። ለኮምፒዩተር ስክሪን ፓልና ኤንቲኤስሲ ልዩነት የላቸውም። የክልል ገደብ ያለበትን ፊልም በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ የኮምፒዩተር ዲቪዲ ማንበቢያዎች ክልላቸውን ከ5 ጊዜ በላይ መቀየር አይፈቅዱም፤ ከዚያ በኋላ በመጨረሻው ላይ ተቆልፈው ይቀራሉ። የሠርግ ዲስክ እንዳይገለበጥ የሚከለክል ነገር ስለሌለበት በውስጡ ያለውን የቪዲዮ ፎልደር እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ይቻላል፤ በባዶ ዲስክ ላይ የተቀዳ ቀረጻ ቀለሙ ከጊዜ ብዛት፣ በተለይም በሙቀትና በፀሐይ፣ ስለሚበላሽ ይህን ማድረግ ማጫወቻውን ለገዛም ሰው ያስፈልገዋል። አሁን ሠርግ የሚያስቀርጽ ሰው ደግሞ ስቱዲዮውን ከዲስኩ ሌላ ፋይሉን ራሱን በፍላሽ እንዲሰጠው ቢጠይቅ፣ አሜሪካ ያለው ዘመድ ይህን ሁሉ ጣጣ አያይም።

ብሉሬይ ይሻላል ወይ ለሚሉ፦ ብሉሬይ ክልሎቹን ወደ ሦስት ዝቅ አድርጓል፤ አሜሪካ «ኤ»፣ አውሮፓ፣ መካከለኛው ምሥራቅና ኢትዮጵያን ጨምሮ አፍሪካ «ቢ» ናቸው፤ ፊልሞቹም በአብዛኛው በሴኮንድ 24 ምስል ስለሚቀመጡ የፓል ጣጣ ቀንሷል። አዲሶቹ የ4ኬ ብሉሬይ ዲስኮች ጭራሽ ክልል የላቸውም። ሆኖም በአሜሪካ የተገዛ የብሉሬይ ማጫወቻ ዲቪዲ ሲገባበት የድሮውን የዲቪዲ ሕግ ነው የሚከተለው፤ የፓል ሠርግ ዲስክን እዚያም አብዛኛውን ጊዜ አያሳይም።

በእስራኤል፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ወገኖቻችን ይህን ዕቃ ለቤተሰብ ዲስክ ብለው መግዛት አያስፈልጋቸውም፤ እዚያ የተገዛ ማንኛውም ማጫወቻ የአገር ቤቱን ፓል ያነባል። በአሜሪካ ያለ ገዢ ግን ከመክፈሉ በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቅ፦ ማጫወቻው የፓል ዲስክን ወደ ኤንቲኤስሲ ለውጦ በኤችዲኤምአይ ያወጣል ወይ? ስለ ክልል ብቻ የሚናገር መልስ በቂ አይደለም። ዕቃው ቤት ሲደርስም፣ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ፣ በቤቱ ካለው ሁሉ ያረጀውን የአገር ቤት ዲስክ አስገብቶ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያጫውተው፤ ርካሽ ማጫወቻዎች የዲስኩን መጀመሪያ ደህና አንብበው ወደ ውጭኛው ጠርዝ፣ ማለትም ወደ ቀረጻው ማብቂያ፣ ሲደርሱ ሊቆሙ ይችላሉና።